በዕድሜ የገፋ መኪና፦ የሞተር ብልሽትን ስለ መለየትና የጥገና ወጪን ስለ ማመዛዘን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ከአስር ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ይዘው ሞተሩ አንድ ያልተለመደ ምልክት ሲያሳያቸው «ልጠግነው ወይስ ልሽጠው?» እያሉ ለሚጨነቁ ባለንብረቶች ነው። ከሁሉ አስቀድሜ የማሳስበው ነገር ቢኖር ብልሽቱ በምርመራ ሳይረጋገጥ የሚነገር የጥገና ዋጋ ግምት ብቻ መሆኑን ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በአብዛኛው የሚያጠነጥኑት በዚሁ ላይ ነው።

ሞተሩ አልነሳ ሲል ምርመራው ከየት ይጀምራል?

ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ መዞሩንና አለመዞሩን ከመለየት ይጀምራል። ሁለቱም «አልነሳም» ተብለው ቢጠሩም ምክንያታቸው የተለያየ ነው። ሞተሩ ጨርሶ ካልዞረ ወይም እየዛለ ከዞረ ጥርጣሬው የሚያርፈው በባትሪው፣ በገመዶቹ፣ ሞተሩን ከሻሲው ጋር በሚያያዘው የመሬት ገመድና በሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሳት በሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር) ላይ ነው። በሚገባ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ መኪናው ለሰዓታት ቆሞ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 አካባቢ ካሳየ ግማሽ ያህሉ ተሟጧል ማለት ነው። ሞተሪኖው በሚያዞርበት ጊዜ ልኬቱ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞተሪኖው ከመጠን በላይ ኃይል እየሳበ ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ዲናሞው የሚሰጠው ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መሆን አለበት። ይህን ሁሉ ለማወቅ ቀላል የቮልት መለኪያና ጥቂት ደቂቃ በቂ ነው። ይሁን እንጂ የባትሪው ጫፍ ዝጎ ወይም ላልቶ ሳለ ጤነኛ ሞተሪኖ ተፈትቶ የሚቀየርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ነዳጅ መድረሱን፣ ካንዴላው እሳት መስጠቱን፣ አየር መግባቱንና ሲሊንደሮቹ አየሩን በሚገባ ማመቃቸውን በቅደም ተከተል መፈተሽ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ጆሮ ብዙ ይረዳል። ከወትሮው ፈጥኖ፣ ያለ ምንም ትግልና በአንድ ወጥ ድምፅ የሚዞር ሞተር ታይሚንግ ቤልቱ (የቫልቮቹን ዘንግ የሚያዞረው ቀበቶ) ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ደጋግሞ ለማስነሳት መሞከር ጉዳቱን ሊያብሰው ይችላል።

የጭሱ ቀለም ምን ይናገራል?

ብዙ ይናገራል፤ ሆኖም ቀለሙ ብቻውን በቂ ስላልሆነ ጭሱ መቼ እንደሚወጣም መታየት አለበት።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን ያሳያል። መኪናው አድሮ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ቡን ብሎ ከጠፋ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የደረቁ የቫልቭ ሲሎች (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዙ ማሸጊያዎች) ናቸው፤ ሌሊቱን ዘይት በቫልቮቹ አንገት በኩል ወደ ሲሊንደሩ ይንጠባጠብና ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ይቃጠላል። ጭሱ ነዳጅ ሲሰጠውና ዳገት ሲወጣ የሚበረታ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ፒስተን ፋሻዎች (በፒስተኑ ዙሪያ ወዳሉት ቀለበቶች) ይዞራል። ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ባለው ሞተር የተርቦው ማኅተም ዘይት ማሳለፍም ተመሳሳይ ጭስ ያመጣል። የእነዚህ ጥገናዎች ወጪ እጅግ የተራራቀ ነው፤ የቫልቭ ሲል በብዙ ሞተሮች ላይ ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሳይወርድ ሊቀየር ሲችል የፋሻ ጥገና ግን ሞተሩን እስከ መበተን ያደርሳል። ስለዚህ «ሰማያዊ ያጨሳል» በሚል ቃል ብቻ ሞተር ይፈታ የሚል ውሳኔ ላይ መድረስ ትልቅ ስሕተት ነው።

ነጭ ጭስ በቀዝቃዛ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ በጭስ ማውጫው ውስጥ ያደረ እርጥበት ስለሆነ አያሳስብም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ፣ ጣፋጭ የሆነ ሽታ ካለውና የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ከሆነ ግን ውሃው ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ጭስ በቤንዚን ሞተር ላይ ነዳጅ ከአየሩ በላይ መብዛቱን ያመለክታል። በናፍጣ ሞተር ላይም የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ ያረጀ ኢንጀክተር ወይም አየር የሚያባክን የተርቦ ቱቦ ሊሆን ስለሚችል ሁልጊዜ ከፊልትሮው መጀመር ይገባል።

ሞተሩ ሙቀት ያነሳል፤ ጋራዥ ስወስደው «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ይውረድ» ተባልኩ። ልስማማ?

ማረጋገጫው እስኪታይ ድረስ አይስማሙ። በዚህ ጉዳይ ላይ አጥብቄ የምናገረው ራሴ ስለደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት መኪናዬ ዳገት ላይ ሙቀት እያነሳች ውሃ ስትተፋ ያየ አንድ ጋራዥ ቴስታታውን አወረደ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ተገጠመ፤ ሒሳቡም ተከፈለ። በሁለተኛው ሳምንት ያው ችግር ተመለሰ። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት ግፊት መያዝ ያቃተው የራዲያተር ክዳን ነበር።

የክዳኑ ነገር ቀላል ይመስላል እንጂ አሠራሩን ላወቀ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። የማቀዝቀዣው ሥርዓት ተዘግቶ ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ሲይዝ ውሃው የሚፈላበት ሙቀት ከ100 ዲግሪ በላይ፣ ወደ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ክዳኑ ግፊቱን ከለቀቀ ውሃው ቀድሞ ይፈላና ይወጣል፤ ምልክቱም ከተቃጠለ ጓርኒሲዮን ጋር ይመሳሰላል። በተመሳሳይ መንገድ ሳይከፈት የሚቀር ቴርሞስታት፣ የማይዞር ማራገቢያ፣ ክንፉ የተበላ የውሃ ፓምፕ እና በዝቃጭ የተደፈነ ራዲያተር ሙቀት ያነሳሉ። መኪናው ቆሞ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ወደ ማራገቢያው፣ በፍጥነት ሲነዳ የሚሞቅ ከሆነ ወደ ራዲያተሩና ወደ ውሃ ፓምፑ ማዘንበል ተገቢ ነው።

ጓርኒሲዮኑ በእርግጥ መቃጠሉን የሚያሳዩ ፈተናዎች አሉ። አንደኛው በራዲያተሩ አፍ ላይ በሚደረግ መሣሪያ ውስጥ ሰማያዊ ፈሳሽ ጨምሮ ከውሃው የሚወጣውን አየር በፈሳሹ ውስጥ ማሳለፍ ነው፤ የተቃጠለ ጋዝ ካለ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ሁለተኛው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የማቀዝቀዣውን ሥርዓት በእጅ ፓምፕ በግፊት ሞልቶ ግፊቱ መውረዱን መከታተል ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽናቸው (አየሩን ሲያምቁ የሚፈጠረው ግፊት) አብሮ ከወረደም ጠንካራ ማስረጃ ነው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታይ ቡና በወተት የሚመስል ቅባት ግን ብቻውን አያስፈርድም፤ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ ሞተር በእርጥበት ምክንያት ይህን ሊያሳይ ይችላል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ራሱ ወተት ከመሰለ ግን ሞተሩን ማስነሳት ማቆም ያስፈልጋል።

የሞቀ ራዲያተር ክዳን በምንም ምክንያት አይከፈት። በግፊት የታመቀ የፈላ ውሃ ፊትንና ዓይንን ክፉኛ ያቃጥላል።

የሞተር መብራት በርቶ ኮምፒውተሩ ኮድ አወጣ። ኮዱ የጠቆመውን ዕቃ ልቀይር?

ኮድ የሚናገረው ኮምፒውተሩ የትኛውን ልኬት ከወሰኑ ውጭ ሆኖ እንዳገኘው ነው። የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ከ1996 የሞዴል ዓመት (በፈረንጆች) ጀምሮ አንድ ወጥ የሆነ የኮድ ማንበቢያ ሶኬት እንዲኖራቸው በሕግ ስለተገደዱ፣ በአውሮፓም ተመሳሳይ ግዴታ ከ2001 ጀምሮ በቤንዚን መኪኖች ላይ ስለዋለ፣ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ መኪኖችን በቀላል መሣሪያ ማንበብ ይቻላል።

ለምሳሌ ፒ0171 የሚለው ኮድ የሞተሩ ድብልቅ አየር እንደበዛበት ይገልጻል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ የኦክስጅን ሴንሰር ይገዛል፤ ሴንሰሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን የተናገረ መልእክተኛ ነው። ትክክለኛው መንገድ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ስንት በመቶ እየጨመረ እንዳለ ማየት ነው። ጭማሪው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ) ላይ ከፍተኛ ሆኖ ሞተሩ ሲፈጥን የሚወርድ ከሆነ ከአየር መለኪያው በኋላ በተሰነጠቀ ቱቦ ወይም በአየር መግቢያው ጓርኒሲዮን በኩል አየር እየገባ ነው። በተቃራኒው ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ጭማሪው ከፍ የሚል ከሆነ የነዳጅ ፓምፑ፣ የነዳጅ ፊልትሮው ወይም የቆሸሸው የአየር መለኪያ ይጠረጠራል። ፒ0420 ደግሞ የጭስ ማጣሪያው በሚገባ አለመሥራቱን ይናገራል፤ ማጣሪያው ውድ ዕቃ ስለሆነ ከመግዛት በፊት የጭስ ማውጫው ጋዝ የሚያስመልጥበት ስንጥቅ እንዳለውና ሞተሩ እንደሚቆራረጥ ወይም እንደማይቆራረጥ ማጣራት ግድ ነው።

ከፒ0301 እስከ ፒ0304 ያሉት ኮዶች የሚቆራረጠውን ሲሊንደር ቁጥር ስለሚነግሩ ለቀላል ፈተና ይመቻሉ። የዚያን ሲሊንደር ቦቢና (ካንዴላው እሳት እንዲሰጥ ኃይል የሚልክለትን ዕቃ) ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሮ ኮዱን ማጥፋትና እንደገና መንዳት ነው። ጥፋቱ ከቦቢናው ጋር ወደ አዲሱ ሲሊንደር ከተዛወረ ቦቢናው ተበላሽቷል፤ ባለበት ከቀረ ደግሞ ካንዴላው፣ ኢንጀክተሩ ወይም ኮምፕሬሽኑ ይፈተሻል። ይህ ፈተና ምንም ወጪ የለውም።

የሞተሩን ውስጣዊ ጤንነት ሳይፈታ ማወቅ ይቻላል?

ይቻላል፤ በእኔ እምነት በአሮጌ መኪና ላይ ከፍተኛ ወጪ ከማውጣት በፊት የኮምፕሬሽን ልኬት ማስደረግ የማይታለፍ ግዴታ ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ወጥተው፣ ነዳጁና እሳቱ ተቋርጦ፣ የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ፣ ሞተሪኖው ብዙ ጊዜ ካዞረ በኋላ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት ይመዘገባል። የጤነኛ ቤንዚን ሞተር ግፊት ባብዛኛው ከ9 እስከ 13 ባር ይሆናል፤ የናፍጣ ሞተር ከዚህ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ የሚያሳስበው ልዩነቱ ነው፤ አራቱም ሲሊንደሮች 10 ባር ካሳዩ ሞተሩ በእኩል አርጅቷል፣ ገና ያገለግላል፤ ሦስቱ 12 ሆነው አንዱ 6 ከሆነ ግን የተጎዳ ሲሊንደር አለ። ባጠቃላይ በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከ15 በመቶ ካለፈ ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

ምክንያቱን ለመለየት በቤንዚን ሞተሩ ዝቅተኛ ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ የሞተር ዘይት ጨምሮ ልኬቱን መድገም ነው። ዘይቱ በፋሻውና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት ለጊዜው ስለሚደፍን ግፊቱ በግልጽ ከጨመረ ያረጀው ፋሻው ነው፤ ካልጨመረ ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ ነው። በናፍጣ ሞተር ላይ ዘይት መጨመር ሞተሩን ሊጎዳ ስለሚችል አይመከርም። ይበልጥ የሚያረካው ዘዴ ግን ፒስተኑን ወደ ላይኛው ጫፍ አምጥቶ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር መልቀቅና የሚያመልጥበትን ቦታ ማዳመጥ ነው። ድምፁ ከዘይት መሙያው ከተሰማ ፋሻ፣ ከአየር መግቢያው ከተሰማ የመግቢያ ቫልቭ፣ ከጭስ ማውጫው ከተሰማ የመውጫ ቫልቭ፣ በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ደግሞ ጓርኒሲዮን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው። አንድ ባለሙያ በዚህ መንገድ የደረሰበትን ውጤት ሲያሳይዎት ዋጋውን በልበ ሙሉነት መደራደር ይችላሉ።

ሞተሩ ያንኳኳል። ሁሉም ማንኳኳት ከባድ ነው?

አይደለም። ከላይ በኩል የሚሰማ ቀጭን ጠቅ ጠቅ የቫልቭ ክፍተት መስፋት ወይም የዘይት ማነስ ሊሆን ይችላል፤ የቫልቮቹ ዘንግ ከዋናው ዘንግ በግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር ድምፁም በዚያው ልክ ዘገም ያለ ነው። ከታች የሚመጣ፣ ጭነት ሲበዛ የሚጎላ ወፍራም ድምፅ ግን የብሮንዚና (ዋናው ዘንግ የሚዞርበት ስስ የብረት ንጣፍ) መበላት ምልክት ነው። የአንዱ ሲሊንደር እሳት ለአፍታ ሲቋረጥ ድምፁ ጉልህ ሆኖ ከቀነሰ ችግሩ በዚያው ሲሊንደር ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ሞተር መንዳት ማቆም ኮሎውን (ዋናውን ዘንግ) ሊያተርፍ ስለሚችል የአንድ ቀን መዘግየት እንኳ የጥገናውን ዋጋ ይለውጣል።

ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ ስንት ሲሆን ልስጋ?

አንዳንድ አምራቾች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር የሚደርስን ፍጆታ ተቀባይነት ያለው አድርገው ይቆጥሩታል። በመጀመሪያ ግን ዘይቱ በእርግጥ እየነደደ እንጂ እየፈሰሰ አለመሆኑ መጣራት አለበት፤ ንጹሕ ካርቶን ሞተሩ ሥር አንጥፎ ማሳደር ብዙ ያስተምራል። ፍሳሽ ከሌለና ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ከሆነ በየሳምንቱ ዘይቱን እየለኩ መጨመር ሞተር ከማሳደስ በብዙ ይረክሳል፤ ይህን ምርጫ የሚያሳፍር አድርጎ ማየት አይገባም።

የተነገረኝ የጥገና ዋጋ ተገቢ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ዋጋውን በአንድ ድምር አይቀበሉ፤ ተዘርዝሮ በጽሑፍ ይሰጥዎት። የመለዋወጫው ዋጋ፣ የእጅ ሥራው ሰዓት፣ ዘይትና ውሃን የመሰሉ አላቂ ነገሮች፣ ከጋራዡ ውጭ የሚሠራ የማሽን ሥራ ለየብቻቸው መታየት አለባቸው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው። ሙቀት ያነሳ ሞተር ቴስታታው ሲወርድ ቀጥታነቱ በማስመሪያና በስስ መለኪያ መታየት አለበት፤ ጠማማነቱ በአብዛኛው ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ካለፈ መላግ ይኖርበታል፤ ተሰንጥቆ ከተገኘ ደግሞ ሌላ ቴስታታ ያስፈልጋል። በተጨማሪም በብዙ ሞተሮች ላይ የቴስታታው ቡሎኖች ሲጠብቁ እንዲለጠጡ ሆነው የተሠሩ ስለሆኑ ዳግመኛ አይታሰሩም። እነዚህን ያላካተተ ርካሽ ዋጋ መሐል መንገድ ላይ ማደጉ አይቀርም። ሞተር የሚፈታበትን ሥራ ስገምት ከተነገረው ዋጋ በላይ አንድ አራተኛ ያህል መጠባበቂያ እይዛለሁ።

የእጅ ሥራ የሚደራረብበትን ቦታም ማሰብ ይጠቅማል። ታይሚንግ ቤልት የሚቀየርበት ርቀት እንደ ሞተሩ ቢለያይም በብዙዎቹ 100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ቤልቱ የሚያዞረው የውሃ ፓምፕ ካለ አብሮ መቀየር የዕቃውን ዋጋ ብቻ ያስጨምራል፣ ለብቻው ሲቀየር ግን ያንኑ የእጅ ሥራ እንደገና ያስከፍላል። ፍሪሲዮን ሲቀየር ከሞተሩ በስተኋላ ያለውን የዘይት ሲል ማየትም እንዲሁ ነው።

የጥገናው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲቀራረብ መጠገን ያዋጣል?

«ከመኪናው ዋጋ ከግማሽ በላይ ከሆነ አይጠገንም» የሚለው የተለመደ አባባል ግማሽ እውነት ብቻ ይመስለኛል። የጥገናው ወጪ መመዘን ያለበት በቦታው ሌላ መኪና ለመተካት ከሚያስፈልገው ገንዘብ ጋር ነው፤ የሚተካው መኪናም ያገለገለ ከሆነ የራሱን የተደበቀ ብልሽት ይዞ ይመጣል። የራስዎን መኪና ታሪክ ግን ያውቁታል።

ስለዚህ ወጪውን ጥገናው ይጨምራል ተብሎ ለሚጠበቀው የአገልግሎት ወራት ያካፍሉት። ይህን ከማድረግ በፊት ግን ሞተሩን ትተው የቀረውን አካል ይመርምሩ። ሻሲው በዝገት ከተበላ፣ ካምቢዮው የሚንሸራተት ከሆነ፣ የፊት እግሩ ሥራ የሚጠብቀው ከሆነ፣ አዲስ ሞተር የሚገባው በሚፈርስ ቤት ውስጥ ነው። አካሉ ጠንካራ ከሆነና መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝ ከሆነ ከግማሽ በላይ ማውጣት እንኳ ብልህነት ሊሆን ይችላል። እስካሁን ያወጡት ገንዘብ ግን በስሌቱ ውስጥ አይግባ፤ «ይህን ያህል አውጥቼበት እንዴት እተወዋለሁ» የሚለው ሐሳብ ብዙ ቤተሰብን አራቁቷል።

ሞተሩን ማሳደስ ይሻላል ወይስ ያገለገለ ሞተር መግጠም?

ማሳደስ ጊዜ ይወስዳል፣ ጥራቱም በማሽን ሥራው ትክክለኛነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ምን እንደገባ ያውቃሉ። ያገለገለ ሞተር ፈጣንና ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው፤ ታሪኩ ግን አይታወቅም። የሚገዙ ከሆነ ኮምፕሬሽኑ በፊትዎ እንዲለካ፣ የዘይት መሙያው ክዳን ተከፍቶ ዝቃጭ እንዲታይ፣ የሞተሩ መለያ ኮድ ከመኪናዎ ጋር እንዲመሳከርና የዋስትናው ጊዜ በጽሑፍ እንዲሰፍር ይጠይቁ። ከመገጠሙ በፊት ታይሚንግ ቤልቱን፣ የውሃ ፓምፑንና ሲሎቹን ውጭ ሳለ መቀየር እጅግ ይቀላል።

ከሱቅ የሚሸጡ ማወፈሪያና ፍሳሽ መድፈኛ ፈሳሾች ይረዳሉ?

ጥቃቅን የራዲያተር ፍሳሽን ለጊዜው ያስታግሱ ይሆናል። ሆኖም ቀጫጭን የውሃ መተላለፊያዎችንም ሊደፍኑ ስለሚችሉ ሊሸጥ ወይም ሊወገድ ከተወሰነ መኪና በቀር አልመክራቸውም። ዘይት የሚያወፍሩት ደግሞ ድምፁን ይሸፍናሉ እንጂ የተበላን ብረት አይመልሱም፤ አሮጌ መኪና ሲገዙ ሞተሩ ሳይነሳ በቀዝቃዛነቱ እንዲቆይዎት የሚጠይቁትም ከእንዲህ ዓይነቱ መሸፋፈኛ ለመጠበቅ ነው።

እስኪጠገን ድረስ መንዳት እችላለሁ?

እንደ ምልክቱ ነው። ሳያንጸባርቅ ጸንቶ የበራ የሞተር መብራት፣ መኪናው ደህና እስከሄደ ድረስ፣ ቀጠሮ እስኪያዝ ይታገሣል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ያልነደደ ነዳጅ ወደ ጭስ ማጣሪያው እየገባ ስለሆነ ፍጥነት ቀንሶ በቅርብ ማቆም ይገባል። የሙቀት መርፌው ወደ ቀዩ ከተጠጋ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍተው ቶሎ መንገድ ዳር ያቁሙ። የዘይት ግፊት መብራት ከበራ ግን ጋራዡ አንድ መቶ ሜትር ላይ ቢታይዎትም ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ፤ ዘይቱን ለክተው ጎድሎ ከሆነ ይሙሉ፤ ሞልቶም መብራቱ ካልጠፋ መኪናው ተጎትቶ ይሂድ።